በወንዝ ዳር ስለ መስፈርና ስለ ንጽሕናው

የአጋማሹ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ቀናት በሚያርፉበት በጥር ወር ከቱላና ከሐዋሳ ተነሥተው፣ ድንኳንና ብርድ ልብስ ተሸክመው፣ በወንዶ ገነት ደን ውስጥ በጅረት ዳር አንድ ሁለት ሌሊት ለማደር የሚወጡ መምህራንና ወጣቶች አሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው። ንጹሕ አየር ለሳንባ፣ የእግር ጉዞ ለልብና ለጡንቻ፣ የዛፍ ጥላና የውሃ ድምፅ ለደከመ አእምሮ የሚሰጡት ዕረፍት ከማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ወጣቶችን ከደን ለማስቀረት የተጻፈ አይደለም፤ ይልቁንም እኛ ራሳችን በዚያ ስፍራ አድረን፣ ለሌላው ስናስተምር የኖርነውን ሳንፈጽም ቀርተን፣ በኋላ ያገኘነውን ትምህርት ለመምህራንና ለአንባብያን ሁሉ ለማካፈል ነው።

ቤትን ትቶ በውሃ ዳር መስፈር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞ ዘመን የንጉሥ ወይም የጦር ሰፈር ያረፈበትን ቦታ ይገልጽ ነበር፤ ከአዲስ አበባ መንደሮችም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በመኳንንት ስም «የእገሌ ሰፈር» መባላቸው በየመኳንንቱ ዙሪያ ከሰፈረው ሠራዊትና አሽከር የተነሣ ነው። ነጋዴውም አገር ሲያቋርጥ ጓዙን የሚያራግፈው ውሃ ካለበት ነበር። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው በድንኳን ሲያድሩ ከሕዝቡም ብዙው አብሮ በውሃው ዳር ያድራል። ሆኖም የጥንቱ ሰፈር እንጨቱ ሲያልቅና ቦታው ሲቆሽሽ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ያልደረሰበት ባዶ ስፍራ የለንም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ብርቱ ምክንያት አለ፤ እርሱም የውሃው አካሄድ ነው።

ወሻና ወርቃን የመሰሉት የወንዶ ገነት ጅረቶች ከተራራው ደን ወርደው ወደ ጨለለቃ ይገባሉ። ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ የነበረ፣ በደለል እየተሞላ ወደ ረግረግነትና ወደ ግጦሽ መሬትነት የተለወጠ ስፍራ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ጥቁር ውሃ ተብሎ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይፈስሳል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ገባር እንጂ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ዓባይ የተቀበለውን እድፍ ወደ ሩቅ አገር ይዞት ይሄዳል፤ የእኛ ሐይቅ የተቀበለውን እዚሁ ያስቀምጠዋል። በዚያው ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዳል፤ በዳርቻው ልብስ ይታጠባል፤ ከብት ይጠጣል፤ ልጆች ይዋኛሉ። እንግዲህ የቱላ ሰው በላይኛው ጅረት ዳር ድንኳን ሲተክል በራሱ ጎረቤት ጓሮ ውስጥ እንደ ሰፈረ ይቁጠረው።

በ2016 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ ሁለት የቱላ መምህራን የጤና ክበብ አባላት የሆኑ 11 ተማሪዎችን ይዘው ወደዚያ ሲሄዱ እኛም ሁለት ሆነን አብረን ሄድን። ደኑን ከሚጠብቁት ፈቃድ ተቀብለን ገባን። ዝግባውና ዋንዛው ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ጉሬዛዎቹም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ይመለከቱን ነበር። ጅረቱ በሚታጠፍበት ስፍራ ለስላሳ ሣር ያለበት ደልዳላ መሬት አገኘንና ከውሃው ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀን ድንኳኖቹን ተከልን። ቦታውን የመረጥነው እኛ የጤና ሠራተኞቹ ነን። የመረጥንበትም ምክንያት ውሃ ለመቅዳት እንዲቀርብ ነበር።

በቀትር ፀሐዩ በረታ። ከተማሪዎቹ አንዱ ለመምህሩ፣ «መምህር፣ ገብተን ብንታጠብ ምን አለበት?» አለ። መምህሩ ወደ እኛ ተመለከቱ። ውሃው ከሥሩ ጠጠሩ እስኪቆጠር ድረስ ኩልል ያለ ነበርና፣ «ከደን የሚወጣ ውሃ ነው፤ ይግቡ» ብለን መለስን። ከደኑ በላይ መንደርና ከብት መኖሩን አልጠየቅንም። ልጆቹ ውሃው ረጋ ብሎ በሚተኛበት በመታጠፊያው በኩል ገብተው አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ፤ አንደኛው መምህርም ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገብተው ድስት አጠቡ። አንዲት ተማሪ ከውሃው ዳር ከበሰበሰ ቅጠል ላይ ያነሣችውን፣ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ቀንድ አውጣ በመዳፏ ይዛ መጥታ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችን። «ቀንድ አውጣ ነው» ብለን አለፍን። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ሌሊቱን ደግሞ ለመጸዳጃ የሚሆን ጉድጓድ ስላልተቆፈረ እያንዳንዱ ሰው ጨለማውንም ጅቡንም እየፈራ በቀረበው ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጠ። የቀረበው ቁጥቋጦ ያለው ደግሞ በጅረቱ ዳር ነበር። ሲነጋ ዝንቡና ሽታው፣ በነፋስም ወደ ውሃው የሚንከባለለው ወረቀት ሁሉን ገለጠው። በዚህ መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ከታች በኩል መጡ። ጥቂት ቆመው ተመለከቱንና በሲዳምኛ ተናገሩ፤ ከመምህራኑ አንዱ ተረጎሙልን። «ልጆቼ፣ እናንተ ዛሬ ትሄዳላችሁ፤ እኛ ግን ነገም ከዚሁ ነው የምንቀዳው» ነበር ያሉት። መምህሩም፣ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉን» አሏቸው። እርሳቸው ግን ሳይመልሱ ጀሪካናቸውን እንደ ያዙ ወደ ላይ፣ ከእኛ ሰፈር በላይ ወዳለው ውሃ፣ ዳገቱን ወጡ።

መጋቢት ሲገባ ድስት ያጠቡት መምህር ትኩሳት፣ ሳልና ራስ ምታት ያዛቸው። ወባ ነው ተብሎ ደማቸው ቢመረመር አልተገኘም። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ ከዓይነ ምድራቸውም ጋር ደም ይወጣ ጀመር። ሰገራቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጎኑ እሾህ ያለበት እንቁላል ተገኘ። በሽታው ቢልሃርዝያ ነበር። አብረው የሄዱትም ተማሪዎች ሲመረመሩ ጥቂቶቹ እንዲሁ ሆነው ተገኙ። እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቹ ሁሉ በዚያች ቀን ብቻ ተያዙ ማለት አንችልም፤ ይህ በሽታ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶችም፣ በወንዶ ገነት አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶችም በተደረጉ ምርመራዎች የታየ ነውና፣ በሐይቁ ሲዋኙ ያገኛቸውም ሊኖሩ ይችላሉ። ነገር ግን መምህሩ በሐይቅ ዋኝተው አያውቁም።

የበሽታውን ምክንያት ያወቀ ሰው የሰፈሩን ሥርዐት ሁሉ ከዚሁ ሊያወጣው ይችላልና ጥቂት እናብራራ። ትሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን ይህም የሆነው በካይሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። በእኛ አካባቢ የሚገኘው ዓይነት ወንዱና ሴቲቱ ተጣምረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ ሴቲቱም በቀን ከመቶ የሚበልጡ እንቁላሎችን ልትጥል ትችላለች። ከእንቁላሎቹ ከፊሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ከፊሉም በጉበት ውስጥ ተሰንቅሮ እየቆየ ያቆስለዋል። ሕክምና ሳያገኝ ለብዙ ዓመታት የቆየ በሽተኛ ሆዱ የሚነፋው፣ ጣፊያው የሚያብጠው፣ አልፎም ደም የሚያስታውከው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዓይነ ምድር የወጣው እንቁላል በደረቅ መሬት ላይ ቢቀር፣ በአፈርም ቢቀበር፣ ፍጻሜው ጥፋት ነው። ውሃ ካገኘ ግን ይፈለፈላል። የተፈለፈለውም እጭ ያችን እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነች ቀንድ አውጣ ፈልጎ በውስጧ ይገባል፤ ካላገኛት በአንድ ቀን ገደማ ይሞታል። በእርሷ ውስጥ አንድ ወር ያህል ተራብቶ፣ ከአንዱ እጭ ብዙ ሺህ ሆኖ፣ በዓይን የማይታይ ባለ ጭራ ተውሳክ ሆኖ ይወጣል። የሚወጣውም ይልቁን ፀሐይ በበረታበት በቀትር ሰዓት ነው፤ ይኸውም ልጆች መታጠብ በሚወዱበት ሰዓት መሆኑ ነው። ቁስል ወይም አፍ አያስፈልገውም፤ በደኅና ቆዳ በኩል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። ውሃው ኩልል ማለቱም ሆነ ከደን መውጣቱ ይህን አይከለክለውም፤ እንዲያውም ቀንድ አውጣዋ ረጋ ያለና ያልደፈረሰ ውሃ ትወዳለች።

በዚህ መንገድ ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ፤ እነርሱም የሰው ዓይነ ምድር፣ ቀንድ አውጣና የሚታጠብ ሰው ናቸው። ሰፋሪው ከሦስቱ ሁለቱን ይዞ ይመጣል። ከላይ ካለው መንደር የወረደው እርሱን ያሳምመዋል፤ እርሱም የታመመ እንደ ሆነ ከሥሩ ያለውን መንደር ያሳምማል። ቀንድ አውጣዎቹን ከጅረት ሁሉ ለቅሞ ማጥፋት በአንድ ቀን እንግዳ አቅም የሚሆን አይደለም። ዓይነ ምድርን ከውሃ መለየት ግን ከአንድ አካፋ በላይ አይጠይቅም።

ከቀንድ አውጣዋ ጋር የታገለውን ኢትዮጵያዊ ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ፤ ከሚታጠብበት በታች በኩልም ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ከዚህ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ፤ ለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በየወንዙ ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር አንድ አስተዋይ ዓይን አየው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን የሚያነብ ሁሉ እንዶድ ወቅጦ በጅረት እንዲነሰንስ አንመክርም፤ ዓሣንም ይገድላልና።

በአሜሪካ አገር ብሔራዊ ደኖች ውስጥ ማንም ሰው ያለ ክፍያ፣ ቤትና ቧንቧ በሌለበት ስፍራ ድንኳን ተክሎ እንዲያድር በብዙ ቦታ ይፈቀድለታል፤ በአንድ ስፍራ የሚቆይበትም ጊዜ በአብዛኛው ከ14 ቀን አይበልጥም። እዚያ ለሰፋሪዎች ከሚሰጡት ምክሮች ዋነኛው፣ ድንኳኑም፣ የዕቃ እጥበቱም፣ መጸዳጃውም ከውሃ 60 ሜትር ያህል እንዲርቅ ነው። ይህም በአዋቂ ሰው እርምጃ ከ80 እስከ 90 መሆኑ ነው። ልኩ ለእኛም ይስማማል። አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ አንድ ስንዝር ያህል የጠለቀ ጉድጓድ ቆፍሮ ተጠቅሞ አፈሩን መመለስ ይበቃዋል። እንደ እኛ ዐሥርና ከዚያ በላይ የሆነ ማኅበር ግን ገና ድንኳን ሳይተከል፣ አንድ ክንድ የጠለቀ ቦይ ቆፍሮ፣ የወጣውን አፈር በአጠገቡ ከምሮ፣ እያንዳንዱ ከተጠቀመ በኋላ እፍኝ አፈር እንዲመልስበት ማድረግ ይገባዋል። ቦታው ከድንኳኑ እጅግ እንዳይርቅና በፋኖስ ወይም በባትሪ መንገዱ እንዲታይ ይሁን፤ ሰው በሌሊት ጅብ ከፈራ የትኛውንም ደንብ ይረሳል። እጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና በዚያው ይቀመጥ። በሳሙና መታጠቡም ራሱ በጅረቱ ውስጥ ሳይሆን ውሃውን ቀድቶ አርቆ ነው።

ለመጠጥ የሚቀዳው ውሃ እስኪንተከተክ ይፍላ፤ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ እንደ ባሌ ተራሮች ባለ ከፍተኛ ቦታ ግን ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ የሚቆጥብ ሰው እንደ ውሃ አጋር ያለውን የክሎሪን መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። ለገላ መታጠቢያ የሚሆነውም አፍልቶ ያቀዘቀዙት ይሁን፤ ወይም ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት አጣርተው በተከደነ ዕቃ ሁለት ቀን ያሳደሩት ይሁን፤ ባለ ጭራው ተውሳክ ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርምና። ሳያውቅ በጅረት የገባ ሰው ደግሞ ወዲያውኑ አንድ ክኒን ውጦ አይረጋጋ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያደገውን ትል እንጂ ገና የገባውን ጨቅላ በሚገባ አይገድልም፤ ስለዚህ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና ውሃ ውስጥ መግባቱን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልገዋል። መምህራችን ይህን ሳይናገሩ ስለ ቀሩ ነው ብዙ ቀን በወባ ስም የተንገላቱት።

ስለ ወባም ቢሆን ቸል ማለት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል፤ በዚያን ጊዜ ከተጠቁት ብዙዎቹ እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም ጥቂት ከፍ ባለ ቦታ የሚኖሩ ነበሩ። የሐዋሳ ከፍታ 1,700 ሜትር ያህል ነው። አስተላላፊዋ ትንኝ የምትራባው በሚፈስሰው ውሃ ሳይሆን ወንዙ ሲጎድል በዳርቻው በሚቀሩት ፀሐይ በሚመታቸው ትናንሽ ኩሬዎች ነው፤ የከብት ኮቴ ረግጦት ውሃ የቋጠረ ጭቃም ይበቃታል። ድንኳን የያዘ ሁሉ አጎበር ይያዝ።

የጎርፍም ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን በተኙበት ወሰደ። ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ በሩቅ ተራራ ዘንቦ ውሃው ሰማዩ በጠራበት ቦታ ሊደርስ ይችላልና፣ በአሸዋው ላይና ወንዙ በሚታጠፍበት ዝቅተኛ ሣር ላይ አይተኛም። በጥቁር ውሃና በሐይቁ ዳር ለሚያድሩ ደግሞ ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ የሚወጣበትን የተረገጠ መንገድ አስተውለው እንዲርቁለት እናሳስባለን፤ ይህን ከዓሣ አጥማጆቹ መጠየቅ ይበቃል።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር እነዚያው ሁለት መምህራን እንደገና ወደ ደኑ ሲሄዱ እኛንም ጠሩን። የታመሙት መምህር ታክመው፣ ሰገራቸውም እንደገና ተመርምሮ ነጻ ሆነው ነበር። ከቱላ ገበያ ሁለት አካፋ ተገዝቶ ነበርና ተማሪዎቹ ተራ በተራ ተሸከሙት። ያችው ቀንድ አውጣ ያመጣች ተማሪ ከውሃው ዳር ተነሥታ እርምጃዋን ጮክ ብላ እየቆጠረች፣ 90 ስትል ቆመች፤ ድንኳኖቹም ከዚያ በላይ፣ ከዳገቱ ጥግ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ተተከሉ። ቦዩ በመጀመሪያ ተቆፈረ። በቀትር ልጆቹ በውሃው አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉሬዛ ሲቆጥሩ ዋሉ፤ አልፎ አልፎ ውሃውን በምኞት መመልከታቸው አልቀረም፤ አንዱም አልገባም። ማታ ለቆሎና ለቡና ትንሽ እሳት አነደዱ፤ ጠዋትም አመዱን ውሃ አፍስሰውበት በቦዩ ውስጥ ጨመሩት፤ አፈሩንም መልሰው ሣሩን በላዩ አለበሱት። ፕላስቲኩንና የባትሪ ድንጋዩን ግን በከረጢት አድርገው ወደ ቱላ ይዘውት ሊመለሱ አሰሩት።

ድንኳኑ ተነቅሎ ሁሉም ሻንጣውን ሲሸከም እኒያ እናት ጀሪካናቸውን አዝለው ከታች መጡ። መምህሩን አወቋቸው። ሰላምታ ተሰጣጥተው ወደ ጅረቱ ዳር፣ ወዳለፈው ዓመት ቦታችን ተመለከቱና፣ «ዛሬ ነው የደረሳችሁት? ወይስ ሌሊቱን የት አደራችሁ?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ወደ ዳገቱ በእጃቸው አመለከቱ፤ እናቲቱም ከዚያው ከቆሙበት ጎንበስ ብለው ጀሪካናቸውን ሞሉ።